ነባር ዛፍ ሳይመነጥር ለያዘ ገበሬ የሚከፍል አለ?

የደንገጎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው ድሬ ነው፣ አባቴ ግን ደንገጎ ገበሬ ናቸው። ከማሳቸው በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ነባር ወይራና ጥድ አለ። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ መንጥረው ጫት ተክለዋል፣ ውሃ ያጣው ደግሞ ዛፉን አክስሎ ሸጧል። አባቴ እስካሁን ችለው ይዘውታል፣ ዘንድሮ ግን ኑሮው ሲከብድ «ይሄ ዛፍ ምን ያበላኛል?» ማለት ጀምረዋል። ውጭ አገር ደኑን ላልመነጠረ ገበሬ ይከፈላል ሲባል ሰማሁ። እኛ ጋስ? ከየት ልጀምር?

የከዚራው፦
የሰማሽው እውነት ነው። ኮስታሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደን ሕግ ነው የጀመረችው፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ከነዳጅ ግብር ይመጣል። ባለመሬቱ ውል ይፈርማል፣ በሄክታር ይታሰብለታል። በዚያው ሕግ ደን መንጥሮ እርሻ ማድረግም ተከልክሏል፤ ይሄን ብዙ ሰው አያነሳውም። እኛ ጋ ግን እንዲህ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ነገር አትጠብቂ።

ሐረርጌዋ፦
እህቴ፣ የወላይታውን ሁምቦ እይው። የተራቆተ ተራራ ነበር። ወደ 2,700 ሄክታር ከለሉት፣ አብዛኛውም ከድሮው ጉቶ እያቆጠቆጠ ነው የተመለሰው። በ2002 ዓ.ም. የካርቦን ፕሮጀክት ሆኖ ተመዘገበ፣ ማለትም ዛፉ ከአየር ስቦ የሚይዘው ካርቦን ተለክቶ ይሸጣል፤ ያንንም የዓለም ባንክ ፈንድ ገዛው። ገንዘቡ የገባው ግን ለገበሬዎቹ ማኅበራት ነው። ካርቦን መለካትና ማስመርመር ብዙ ወጪ አለው፣ የአንድ ሰው ቁራሽ መሬት አይችለውም። ስለዚህ ዛፍ የቀራቸውን ጎረቤቶች ሰብስቡ። የመሬት ደብተሩ በማን ስም እንደሆነና ተዳፋቱን ይጨምር እንደሆነም ከአሁኑ አረጋግጪ። የ2010ሩ የደን አዋጅ የግልንም የማኅበረሰብንም ደን ያውቃል። ወረዳው ግብርና ሄዳችሁ ይሄንን አንሱ።

ባለቀፎ፦
አቦ እውነቱን እንነጋገር። ውሃ ባለበት መሬት ጫትን የሚያሸንፍ ክፍያ የለም። ድንጋያማው ተዳፋት ላይ ግን ተፎካካሪው ከሰል ነው፣ ከሰል ደግሞ አንዴ በማዳበሪያ ተሞልቶ ተሸጠ፣ አለቀ። እዚያ ጋ ትንሽ ገንዘብም ለውጥ ያመጣል። እስከዚያው ፍየል አታስገቡ፣ ሣሩን አጭዳችሁ ለከብት ስጡ፣ ቀፎ ስቀሉ። ከተቆረጠ ወይራ ጉቶ ላይ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ጠንካራ ሁለት ሦስቱን ትታችሁ ሌላውን ግረዙ፣ ቶሎ ያድጋል። የተገረዘውም እንጨት ማገዶ ነው።

ደቻቱ ዳር፦
እኔ የምለው ድሬ ራሷ መክፈል አለባት። በ1998ቱ ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ አልቋል፣ ያ ውሃ የወረደው ከላይ ከተራቆተው ጋራ ነው። ዛፍ ብቻውን እንዲህ ያለውን ጎርፍ ያቆማል አልልም፣ ግን አፈሩን የያዘልን ገበሬ በነፃ ሊሠራልን አይገባም። ከውሃ ሒሳባችን ላይ ትንሽ ብትቆረጥና ለላይኞቹ ብትደርስ እኔ ነገ እከፍላለሁ።

የደንገጎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ደብተሩን አይቼ እነግራችኋለሁ። ሌሊት እየመጡ የሚቆርጡትንስ ምን እናድርግ?

ሐረርጌዋ፦
አባትሽ ብቻቸውን አይችሉትም። መተዳደሪያ ደንብ አውጡ፣ ሽማግሌዎችን አስገቡበት፣ ቀበሌውም ያጽድቀው። ጥበቃው በተራ ይሁን፣ ተረኛው ከሣሩ ድርሻ ይጨመርለት። ከሰል የሚያከስሉትንም ጥሯቸው፤ ብዙዎቹ መሬት የሌላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ ከሣሩና ከማሩ ድርሻ ካላገኙ ተመልሰው ይቆርጣሉ።