«ስታሽ»፦ በይደር ማቆየት ወይስ መሸጎጥ?

ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ለጀማሪዎች ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ፕሮግራም) ሳስተምር «ስታሽ» ላይ ስደርስ ቃል አጠረኝ። ኮድ ጀምረን ሳንጨርስ ሌላ አስቸኳይ ስህተት አርሙ እንባላለን። የጀመርነው ኮሚት ለማድረግ (በጊት መዝገብ ለማስፈር) አልደረሰ፣ መጣሉም ያሳዝናል። ያኔ «ጊት ስታሽ» ስንል ለውጡ ከፊታችን ይነሳና ፋይሎቹ በመጨረሻው ኮሚት ወደነበሩበት ይመለሳሉ። «ማስቀመጥ» አልኳቸው፤ ከ«ሴቭ» ጋር ተምታታባቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦
«በይደር ማቆየት» በለው። በስብሰባም ሆነ በፍርድ ቤት ያላለቀ ጉዳይ በይደር ይያዛል።

ከመንዝ፦
«በይደር» ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን ነገሩ መቆየቱን እንጂ ከፊት መነሳቱን አይነግረንም። የእኔ ምርጫ «መሸጎጥ» ነው። እናቴ የበግ ጠጉር ስትፈትል ድንገት እንግዳ ከመጣ፣ እንዝርቷን ፈትሉ እንደተጠመጠመባት ከድንጋዩ ግድግዳ ክፍተት ትሸጉጣት ነበር። እንግዳው ቡናውን ጠጥቶ ሲሄድ መዝዛ ታወጣትና ካቆመችበት ትቀጥላለች። ስታሽ ማለት ለእኔ ይኸው ነው። የተሸጎጠውን ደግሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ስታሽም ፑሽ ስናደርግ (ኮሚቶቻችንን ወደ ጋራ ማከማቻ ስንልክ) አብሮ አይሄድም፣ እዚያው ኮምፒውተራችን ላይ ይቀራል። «መሸሸግ» እንዳንል ከሰው መደበቅ ይሆንብናል። የተሸጎጠውን መልሶ የሚያወጣው ትእዛዝ «ፖፕ»ም ቃሉን አገኘ ማለት ነው፦ መምዘዝ።

ከሸዋ ሮቢት፦
እንዝርቷ አሳመነችኝ። ግን ስሙስ? «ሽጉጥ» ብንለው ሰው መሣሪያውን ነው የሚያስበው።

ከመንዝ፦
እውነት ነው፤ መሣሪያውም ስሙን ያገኘው ከወገብ ስለሚሸጎጥ ነው። ስለዚህ ግሡን እንያዝ፣ ለስሙ «የተሸጎጠ ለውጥ» እንበል።

ከደብረ ብርሃን፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ደጋግመን ከሸጎጥን ፖፕ ቀድሞ የሚያወጣው መጨረሻ የገባውን ነው። ግድግዳው ይህን ቅደም ተከተል አያሳይም።

ከመንዝ፦
ለእሱ መሶቡ አለልህ። መጨረሻ የተጋገረው እንጀራ ከላይ ይሆናል፤ ቀድሞ የሚነሳውም እሱ ነው። ዝርዝሩን «ቁልል» በለው።

ከሸዋ ሮቢት፦
«አፕላይ»ን ግን መምዘዝ አትበሉት። ለውጡን ፋይሉ ላይ ይመልሰዋል፣ የተሸጎጠው ግን ከቁልሉ አይወጣም። «ገልብጦ ማውጣት» ይሻለዋል።

ከደብረ ብርሃን፦
ተስማማሁ። አዲስ የተፈጠረና ጊት ገና የማያውቀው ፋይል ካልታዘዘ በቀር እንደማይሸጎጥም በዚሁ ቃል ላስረዳቸው ነው።