ታይሞማ፦ እጢው ብቻ ይውጣ ወይስ ታይመሱ በሙሉ?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ እናቴ በሲቲ ስካን ደረቷ ውስጥ ታይሞማ ሳይሆን አይቀርም የተባለ እጢ ተገኘባት፣ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ አልተዛመተም ብለውናል። እዚህ ጅማ ያዩዋት ዶክተር ታይመሱ (እጢው የበቀለበት፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው አካል) በሙሉ ይውጣ አሉ፣ አዲስ አበባ ያሳየናቸው ሰርጅን ደግሞ እጢውን ብቻ ከዙሪያው ትንሽ ጨምሮ ማውጣት ይበቃል አሉ። አባቴ ትንሹ ኦፕራሲዮን ይሁንላት ይላል፣ እኔ የቀረው ቢያድግስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ ናሙና አልወሰዱም፣ ለምን?

ሰርጂካል ነርስ፦
አላህ ያሽርልህ ወንድሜ። መጀመሪያ ለአባትህ ይሄን ንገራቸው፣ ምን ያህል ይወጣል የሚለውና ደረት ምን ያህል ይከፈታል የሚለው የተለያየ ጥያቄ ነው። ባለሙያና መሳሪያ ካለ ታይመስ በሙሉም አጥንት ሳይሰነጠቅ በጎን በካሜራ ይወጣል። ናሙናውን በተመለከተ፣ ታይሞማ ከመሰለና በኦፕራሲዮን የሚወጣ ከሆነ በመርፌ ባይነካ ይመረጣል፣ ሽፋኑ ከተበሳ ሴሉ ይረጫል ተብሎ ስለሚፈራ። ስቴጅ (በሽታው የደረሰበት ደረጃ) 1 ወይስ 2 የሚለውንም ሲቲ ስካን አስተማማኝ አድርጎ አይነግርህም፣ ሽፋኑን አልፎ ስቡ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ የሚታየው ከወጣ በኋላ ፓቶሎጂ (የላቦራቶሪ ምርመራ) ላይ ነው፣ እኔ ሙሉው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሜዲካል ስቱደንት፦
የአዲስ አበባው ሰርጅንም ዝም ብለው አልተናገሩም። ጃፓንና ቻይና የታካሚ ፋይል ሰብስበው ሲያወዳድሩ በሕይወት በመቆየት ላይ ልዩነት አላገኙም፣ ቻይናዎቹ ግን ስቴጅ 2 ላይ እጢው ብቻ የወጣላቸው ሰዎች ላይ በሽታው የመመለስ ነገር በዝቶ አይተዋል። በ2023 ደግሞ ከአሜሪካ የወጣ ጥናት ታይመሳቸው የወጣ አዋቂዎች ላይ ሞትና ካንሰር በዝቷል ብሏል፣ ግን ያወዳደረው ልብ ኦፕራሲዮን ከሆኑ ሰዎች ጋር ስለሆነ የአንተን ጥያቄ በቀጥታ አይመልስም። መደበኛው አሁንም ሙሉው ነው። የትኛውም ቢመረጥ ክትትሉን እንዳትተዉ፣ ታይሞማ ከ10 ዓመት በኋላም ይመለሳል።

ማያስቴኒያ ያለባት፦
የኔ ወንድም፣ ከሁሉ በፊት እናትህን ጠይቃቸው፣ ወደ ማታ የዓይናቸው ቆብ ይወርዳል? አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸዋል? ሲያኝኩ ይደክማቸዋል? ታይሞማ ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻ ቶሎ የሚደክምበት በሽታ) አለባቸው፣ ካለባቸው ደግሞ ሙሉ ወይስ ግማሽ የሚባል ክርክር የለም፣ ታይመሱ ከዙሪያው ስብ ጋር ነው የሚወጣው።

የቆጪ ልጅ፦
ኧረ አስደነገጣችሁኝ፣ ማታ ማታ አንዱ ዓይኗ ይከደናል፣ እኛ ድካም ነው እያልን ነበር፣ ለሁለቱም ዶክተሮች አልነገርናቸውም።

ሰርጂካል ነርስ፦
እንግዲያው ነገ ዛሬ ሳትል ንገራቸው። ኒውሮሎጂ (የነርቭ ሐኪም) ይያቸው፣ ማያስቴኒያን ለመለየት የሚረዳው የአሴቲልኮሊን ሪሴፕተር አንቲቦዲ የደም ምርመራም ይሰራላቸው፣ ደም ወደ አዲስ አበባ መላክ ካስፈለገም ይላክ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ሳያውቅ ኦፕራሲዮን ክፍል እንዳይገቡ፣ መተንፈስ ሊያቅታቸው ይችላል። እስከዚያ ጄንታማይሲን ወይም ሲፕሮ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ እንዳትሰጧቸው፣ ድካሙን ያብሱታል። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም መዋጥ ካቃታቸው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።