ኤ-2 የአብራሪ ጃኬት ጨረታ ላይ ወጥቷል፤ የጀርባው ሥዕል ኦሪጅናል ነው?

ጃኬት ፈላጊ፦

ጤና ይስጥልኝ። የቆዩ የወታደር ልብሶችን የምታውቁ እርዱኝ። አንድ ኤ-2 የቆዳ ጃኬት ጨረታ ላይ ወጥቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አብራሪዎች የለበሱት ዓይነት ነው። አንገቱ ውስጥ ያለው መለያ ጨርቅ «ራፍ ዌር» ይላል፤ የሠሪው ፋብሪካ ስም ነው። ጦሩ ያዘዘበት የኮንትራት ቁጥር 27752 ነው። ጀርባው ላይ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተሥሏል። ከሥሩ 25 ትናንሽ ቦምቦች ተደርድረዋል። ደረቱ ላይ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ቆዳ ተሰፍቷል። አጫራቹ «ከቤተሰቡ እጅ የወጣ» ብሎ ደብዳቤ አያይዟል።

ለዓመታት ገንዘብ ያጠራቀምኩት ለእንዲህ ያለ ጃኬት ነው። ፎቶውን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን በእጄ ልነካው አልችልም፤ ያለኝ ፎቶ ብቻ ነው። ዚፑ ደግሞ አዲስ ይመስላል። ፎርጅድ ይሆን?

ገበር ቀያሪው፦

ወንድሜ፣ ዚፑን ለጊዜው ተወው። የድሮ ጃኬት ዚፕ ይሰበራል፣ ይቀየራል። እኔ ራሴ ስንቱን ቀይሬያለሁ። ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ጃኬቱን ሐሰተኛ አያሰኘውም። እንዲያውም እጅጌውና ወገቡ ላይ ያለው የሱፍ ሹራብ እንደ ትናንት ሥራ ከሆነና ሻጩ «ምንም አልተነካም» ካለህ፣ ያኔ ነው መጠርጠር።

ሥራዬ የቆዳ ጃኬት ገበርና ሹራብ መቀየር ነው። ጃኬትን የማውቀው ከውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ ከአሠራሩ ልጀምርልህ።

ጦሩ ኤ-2ን የተቀበለው በ1931 ነው። አዲስ ማዘዝ ያቆመው በ1943 ነው። አብዛኛው የተሠራው ከፈረስ ቆዳ ሲሆን ከፍየል ቆዳ የተሠራም አለ። የጀርባው ቆዳ አንድ ወጥ ነው፤ መሀሉን ለሁለት የሚከፍል ስፌት የለውም። ሁለቱ ኪሶች የሚከፈቱት ከላይ ብቻ ነው፤ ክዳን አላቸው። ከጎን እጅ ማስገቢያ ካየህበት የኋላ ዘመን ሥራ ነው፤ ጊዜህን አታባክን።

መለያ ጨርቁን ብቻ አትመን። ያንተ ቁጥር ትክክለኛ የራፍ ዌር ቁጥር ነው። ግን የዛሬ ሠሪዎች መለያውን ከነቁጥሩ አስመስለው ይሸምኑታል። ከአንዱ ጃኬት ተፈትቶ ሌላው ላይ የሚሰፋም አለ። የመለያው ጠርዝ በቅርበት ፎቶ ይነሳልህ። አሁን ካለው ስፌት ጎን ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ካየህ፣ ወይ መለያው ወይ ገበሩ ተነቅሎ ነበር ማለት ነው። የኮሌታውንና የኪስ ክዳኑን ቅርጽም በደንብ ከሚታወቁ የዚያው ኮንትራት ጃኬቶች ጋር አስተያይ። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ አቆራረጥ ነበረው።

አልትራቫዮሌት መብራት አብርተው ፎቶ እንዲያነሱልህም ጠይቅ። ዘመናዊ ክር ብዙ ጊዜ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ግን ገበሩ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ከነበረም ሊያበራ ስለሚችል በዚያ ብቻ አትፍረድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እሱም ሥዕሉ ነው። ገንዘቡን የሚያንረው ሥዕሉ ስለሆነ ፎርጅዱም እዚያ ላይ ይበዛል። ከዓመታት በፊት እኔም ተሸውጃለሁ። ጃኬቱ ኦሪጅናል ነበር። ቆዳው፣ ገበሩ፣ መለያው ሁሉ ልክ ነው። ጀርባው ላይ ሰማያዊ ክብ ውስጥ ንስር ተሥሎበታል። ደስ ብሎኝ ገዛሁት። ገበሩን ለመጠገን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው፣ ትከሻው አጠገብ ያለውን መጨማደድ ከፈት አድርጌ በማጉያ መነጽር ሳየው ሰማያዊው ቀለም የስንጥቁ ወለል ድረስ ገብቷል። ቆዳው መጀመሪያ ተሰንጥቆ፣ ቀለሙ በኋላ ፈሶበት ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቆዳው አዲስ ነበር፤ የምን ስንጥቅ? ያኔ የተቀባ ቀለም ከቆዳው ጋር አብሮ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ስትከፍተው ውስጡ ባዶ ቡናማ ቆዳ ነው፤ የቀለሙ ጠርዝም እንደ ደረቀ ጭቃ ተቆርሶ ይታያል። ያን ቀን ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። ያልኖረ ሰው ታሪክ ለልጆቼ ስተርክላቸው መክረሜ ነው።

ስለዚህ አጫራቹን አንድ ፎቶ ለምነው። ሥዕሉ እጥፋት ላይ የሚያልፍበትን ቦታ ከፍተው፣ ብርሃን ከጎን አድርገው፣ በጣም ቀርበው ያንሱልህ። እምቢ ካሉህ እሱም መልስ ነው።

ሰነድ አሳሽ፦

እኔ በስሙ በኩል ልርዳህ። የቤተሰብ ደብዳቤ ቤተሰቡ ምን እንደሚያምን ነው የሚነግርህ። ሴንት ሉዊስ ያለው የወታደሮች ሰነድ ማዕከል ሐምሌ 1973 ተቃጥሎ፣ ከ1912 እስከ 1960 ከአሜሪካ ምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። የዚያን ዘመን አብራሪዎች ደግሞ በምድር ጦሩ ሥር ነበሩ። ስለዚህ «ፋይሉ የለም» ቢሉህ ውሸት ነው አትበል። ሰውየው የነበረበት አውሮፕላን ጠፍቶ ከነበረ ግን ስለጠፉ የበረራ ቡድኖች የተጻፈው ሪፖርት በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል።

25ቱ ቦምቦች ያስኬዳሉ። አንዱ ቦምብ አንድ የውጊያ በረራ ማለት ነው። እንግሊዝ ሰፍሮ የነበረው የአሜሪካ 8ኛው አየር ኃይል የአንድ ሰው ግዳጅ መጀመሪያ 25 በረራ ነበር፤ በ1944 ወደ 30፣ ቀጥሎም ወደ 35 ከፍ ብሏል። ገበሩ ላይ አንድ ፊደልና 4 አሃዝ የተጻፈ ነገር ካለ ፈልግ። የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደልና የወታደራዊ ቁጥሩ መጨረሻ ነው። ደረቱ ላይ ካለው ስም ጋር ካልገጠመ ጉድ ነው።

ጃኬት ፈላጊ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አጫራቹ ፎቶዎቹን ዛሬ ላከልኝ።

ጋሼ ገበር ቀያሪው፣ ያሉኝን ስንጥቅ አየሁት! የአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ ያልፋል። ቢጫው ቀለም ከግራና ከቀኝ ተቆርሶ ቆሟል፤ መሀሉ ቡናማ ቆዳ ነው። ስሙ ግን አስጨነቀኝ። ስሙ የተጻፈበትን ቆዳ ዙሪያውን የከበበው የጃኬቱ ቆዳ ጠቆር ያለ ነው፤ እንደ ክፈፍ። ከገበሩ በኩል ደግሞ ሁለት አራት ማዕዘን የመርፌ ቀዳዳ አለ። ትልቁ ክር የለበትም። ፊደልና አሃዝ የሚባለውን አላገኘሁም።

ገበር ቀያሪው፦

እዚያ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ሌላ ተለቅ ያለ የስም ቆዳ ተሰፍቶ ነበር። ጥቁሩ ክፈፍ ፀሐይ ያላገኘው ቆዳ ነው። ሰውየው ራሱ ቀይሮት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዘመንም ይደረግ ነበር። ሌላ ሰው በኋላ ሰፍቶበትም ሊሆን ይችላል። ከፎቶ አይለይም። ሥዕሉን ግን እኔ ብሆን አምነዋለሁ። ለጃኬቱና ለሥዕሉ ክፈል፤ ለስሙ አምስት ሳንቲም አትጨምር።

ጃኬት ፈላጊ፦

እንደዚያው አደርጋለሁ። ዋጋዬን ቀንሼ አሁን አስገባሁ። ጨረታው ዓርብ ያልቃል። ካገኘሁት መጀመሪያ የማደርገው የግራ ኪሱን ውስጥ ገልብጬ ያንን ፊደልና 4 አሃዝ መፈለግ ነው።