«ብር በወርቅ ተተካ» ሲባል ቦታውን የያዘው የትኛው ነው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቅይጥ ብረታ ብረት ናኖክላስተሮች (ከጥቂት አቶሞች ስለተሠሩ እጅግ ጥቃቅን የብረት ክምችቶች) በማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ «25 አቶሞች ባሉት ክላስተር ውስጥ ብር በወርቅ ሲተካ የሚፈነጥቀው ብርሃን ይለወጣል» ብዬ ነበር፤ አራሚዬ ግን «የወጣው ብር ነው ወይስ የገባው?» ብለው መለሱልኝ። እናንተ እንዴት ታነቡታላችሁ?

የሰዋስው ወዳጅ፦ አራሚዎ ልክ ናቸው። «ሥራ አስኪያጁ በምክትላቸው ተተኩ» ስንል የወጡት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ «ልጁ በአባቱ እግር ተተካ» ስንል ግን ቦታውን የያዘው ልጁ ነው። «በ» አንድ ጊዜ ገቢውን፣ ሌላ ጊዜ የተለቀቀውን ስፍራ ያመለክታልና ዐውዱ ካልለየው ግሡ ብቻውን አይለየውም።

ኬሚስቱ፦ ዐውዱም እኮ አይለየውም። በሳዑዲ ዓረቢያ በንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከ25 የብር አቶሞች መካከል የማዕከሉን አንዱን ብቻ አስወጥቶ ወርቅ አስገባ፤ ክላስተሩ ብርሃን የሚውጥበትም የሚፈነጥቅበትም ሁኔታ ተለወጠ። በ2014 የታተመው፣ በትር መሰሉ ባለ 25 አቶም ክላስተር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወርቅ በነበረበት ብር ገባ። እስከ 12 ብር የያዘው ከዋጣቸው ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) መልሶ የሚለቀው 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ 13ኛው ብር ሲጨመር ግን ወደ 40 በመቶ ዘለለ።

ሥረ መሠረት፦ ምን ይገርማል? ብርና ብርሃን ከአንድ ሥር የወጡ አይደሉምን?

የሰዋስው ወዳጅ፦ አይደሉም፣ ወንድሜ። ብርሃን ከ«በርሀ» ነው፤ ሆይ (ሀ) የሥሩ ፊደል ናት። ብርን በሚያመለክተው በግእዙ «ብሩር» ውስጥ ሆይ የለችም። ይህን የምለው ቅኔ ቤት ግሥ ያረባሁ ሆኜ ነው።

ኬሚስቱ፦ ደግሞስ በ2016ቱ ለውጡን ያመጣው ወርቁ ነው፤ ለእርሱ ምን ሥር ሊያወጡለት ነው?

ሥረ መሠረት፦ እሺ፣ «ተካ»ን እንያዝ። ከ«ተከለ» ሳይመጣ አይቀርም፤ መተካት ማለት በሌላው ጉድጓድ መተከል ነው።

የሰዋስው ወዳጅ፦ የ«ተከለ» ላዊ (ለ) የት ገባች?

ኬሚስቱ፦ ሥሩን ባልቀበለውም ስለ ስፍራ ማንሳትዎ ደግ ነው። ክብ በሚመስለው ባለ 25 የወርቅ ክላስተር ፓላዲየምና ፕላቲነም ማዕከሉን ይይዛሉ፤ ብር ግን ማዕከሉን ከከበቡት 12 ቦታዎች መግባት ይመርጣል፤ 670 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው የመዋጥ ጫፍም (ብርሃን አብዝቶ የሚውጥበት የሞገድ ርዝመት) ወደ አጭሩ ሞገድ ይሸሻል። ስለዚህ «ተተካ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የት የሚለውም መጻፍ አለበት።

የሰዋስው ወዳጅ፦ ግእዝ ቢሆን «ብሩር ህየንተ ወርቅ» (በወርቅ ፈንታ ብር) ብሎ በሦስት ቃል ይገላግልዎት ነበር።

ጠያቂ፦ አንባቢዎቼ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ናቸው፣ ጌታዬ። በአማርኛው የቱን ልጻፍ?

ሥረ መሠረት፦ በአማርኛ የጉሮሮ ድምፅ ይወድቃል፤ ሆይም ወድቃ ሊሆን ይችላል።

የሰዋስው ወዳጅ፦ «ብሩር» ግእዝ ነው አልኩ እኮ!