ታይሮክሲኔ ከተቀነሰ ወዲህ ክብደቴ እየጨመረ ነው፣ ወደ ድሮው መጠን ልመለስ?

የማራኪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ተሠርቼ አንገት ላይ ያለው፣ ሆርሞን የሚሠራው የታይሮይድ ዕጢዬ ሙሉ በሙሉ ስለወጣ፣ ያንን ሆርሞን የሚተካውን ታይሮክሲን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልክ እንድወስድ ታዝዞልኛል። መጀመሪያ 100 ማይክሮግራም ነበር። ያኔ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የሚባል የለም፣ ግን ቀጭን ነበርኩ። ደም ተመርምሬ ሆርሞኑ በዝቷል ተባለና ወደ 75 ዝቅ አደረጉልኝ። ልቤ ተረጋጋ፣ ተመስገን። ክብደቴ ግን ከዚያ ወዲህ መጨመሩን አላቆመም። ለጥምቀት ያሰፋሁት ቀሚስ ወገቡ አልዘጋ ብሎኛል። የምበላው አልጨመረ፣ እንዲያውም ጾም ላይ ነን። ጠዋት ስነሳ ፊቴ እብጥ ይላል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ብርዱም አልቻልኩትም።

ጎረቤቶቼ ያወፈረሽ ክኒኑ ነው ተይው ይሉኛል። አንዷ ደግሞ ወደ 100 መልሺው ትላለች። የድሮው ክኒን እቤት ስላለ በጣም እየተፈተንኩ ነው። ቀጠሮዬ ገና ሩቅ ነው። በቅርቡ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ አይረንም ጀምሬያለሁ። ጠዋት ሁለቱንም አብሬ ውጬ ቡናዬን እጠጣለሁ። በጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ ከምግብ ጋር ነው የምወስዳቸው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ዕጢዋ የወጣላት

አይዞሽ የኔ እህት፣ እኔም በዚሁ መንገድ ነው ያለፍኩት። ክኒኑን ግን በምንም ተአምር እንዳታቆሚ። ዕጢው ከወጣ በኋላ ሰውነትሽ ያለው ሆርሞን ያ ክኒን ብቻ ነው። ደግሞ ያኔ ቀጭን የነበርሽው ጤነኛ ስለነበርሽ አይደለም፣ ሆርሞኑ በዝቶ ሰውነትሽ ራሱን እየበላ ስለነበር ነው። ስለዚህ የያኔው ኪሎሽ ትክክለኛ ኪሎሽ ነው ብለሽ አትነሺ። ይህንን ማንም አይነግረንም፣ ሁሉም ሰው የሚያየው ወፈረች ከሳች የሚለውን ብቻ ነው፣ ሰላምታችን ራሱ እሱ ሆኗል።

ከፒያሳ

አዮዲን ያለው ጨው አብዝተሽ ብትሞክሪስ? እንቅርት የሚመጣው በአዮዲን እጥረት ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ፋርማሲስት ከአዘዞ

ከፒያሳ ለጻፍከው፦ እውነት ነው፣ በደጋው አገራችን አፈሩና ውሃው አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት ብዙ ነው፣ አዮዲን ያለው ጨውም ለቤተሰብ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን አዮዲኑን ተጠቅሞ ሆርሞን የሚሠራው ዕጢው ነው። እሷ ጋ ዕጢው የለም። ጨው መጨመር ለዚህ ችግር አይረዳትም፣ ደም ግፊት ነው የሚያተርፋት።

እህቴ፣ በራስሽ ወደ 100 እንዳትመልሺው። ታይሮክሲን ክብደት መቀነሻ አይደለም። ሲበዛ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ይጨርሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ልብ ምቱን እንዲያዛባ ያደርጋል፣ የልብ ምት መዛባቱ ደግሞ ደም አርግቶ እስከ ስትሮክ ሊያደርስ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ ለውፍረት እንዳይወሰድ የሚከለክል ማስጠንቀቂያ በሳጥን ተከብቦ ይታተማል።

ትልቁ ነገር ግን ጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። አይረንና ታይሮክሲን አብረው አይወሰዱም። አይረኑ ታይሮክሲኑን ሆድ ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሰዓት መኖር አለበት። ካልሲየምም፣ የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕም እንደዚያው ናቸው። ቡናና ምግብም ይቀንሱታል፣ በጾም ወቅት የምንበላው ሶያም ጭምር። እና ወረቀቱ ላይ 75 ይባል እንጂ ደምሽ የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር መጠኑ ሁለቴ ተቀንሶብሻል፣ አንዴ በሐኪሙ፣ አንዴ በአይረኑ። የፊት ማበጡም፣ የሆድ ድርቀቱም፣ ብርዱም ሆርሞን ሲያንስ የሚመጡ ናቸው።

ታይሮክሲኑን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ውሰጂ፣ ከቡናና ከቁርስ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድመሽ። አይረኑን ወደ ከሰዓት አድርጊው። ለጾም የሚመችሽ ማታ ነው፦ እራት ከበላሽ 3 ሰዓት ያህል ቆይተሽ ስትተኚ። ዛሬ ጠዋት ነገ ማታ እያልሽ ግን አታፈራርቂው፣ አንዱን ምረጪና በሱ ጽኚ።

ይህን ለሐኪምሽ የግድ ንገሪው። አሁን ከአይረን ጋር እየወሰድሽ ተመርምረሽ መጠኑ ቢጨመርልሽ፣ ነገ አይረኑ ሲያልቅ ሆርሞኑ መልሶ ይበዛብሻል። ያ የልብ ድው ድው ይመለሳል ማለት ነው።

የማራኪዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ማንም እንዲህ አብራርቶ አልነገረኝም። አወሳሰዴን ካስተካከልኩ በኋላ ክብደቴ በስንት ጊዜ ይወርዳል? ሙሉ በሙሉ ይወርዳል?

ነርስ ነኝ

ሙሉ በሙሉ ይወርዳል ብዬ ላስጎመጅሽ አልፈልግም። ሆርሞን በማነሱ ብቻ የሚመጣ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ሰውነት ያጠራቀመው ጨውና ውሃ ነው። እሱ ይቀንሳል፣ ፊትሽም ይመለሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታም ይፈለግ። 100 ላይ እያለሽ ከስተሽ ከነበረ ከጨመርሽው ከፊሉ ያኔ ያጣሽው ኪሎ ነው፣ እሱ መመለሱ ጤና ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ (ዴፖ) ትወስጃለሽ? ሰው ታይሮክሲኑን ሲረግም መርፌውን ይረሳዋል። ዴፖ አንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል፣ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 2 ኪሎ ተኩል ያህል። በየቀኑ የሚዋጠው ጥምር የእርግዝና መከላከያ ክኒን ደግሞ ኤስትሮጅን ስላለው የታይሮክሲን ፍላጎትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ከጀመርሽ ወይም ከቀየርሽ ለሐኪምሽ ተናገሪ። እርግዝና ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ መጠኑ ቶሎ መስተካከል አለበት፣ የጽንሱ አእምሮ እድገት በሱ ላይ ነው።

ጾም ያሳንሳል የሚለውንም ተዪው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ዘይት የበዛበት ሽሮና ድንች በዳቦ ሲበላ ኪሎ አይወርድም። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን አብዢ፣ ዘይቱን ቀንሺ፣ ከማራኪ ፒያሳ ድረስ በባጃጅ ከመሄድ አንዳንዴ በእግርሽ ውጪው።

የማራኪዋ

አዎ፣ መርፌውን እወስዳለሁ! ጭራሽ ትዝም አላለኝ። የማታውን ነገር ደግሞ የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ ነው ያሉኝ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ምርመራውን አሁኑኑ ላድርግ ወይስ ልቆይ?

ፋርማሲስት ከአዘዞ

ምልክቶች ስላሉሽ ሐኪሙን ቀጠሮው ሳይደርስ ብታገኚው ጥሩ ነው፣ ቲኤስኤች (የታይሮክሲኑ መጠን ልክ መሆኑን የሚያሳየው የደም ምርመራ) አሁን ይታዘዝልሽ እንደሆነ እሱ ይወስን። አወሳሰድሽን ካስተካከልሽ በኋላ ግን ውጤቱ እውነቱን የሚናገረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ታይሮክሲን ዝግ ያለ መድኃኒት ነው፣ ዛሬ የዋጥሽው ከ7 ቀን በኋላም ግማሹ ሰውነትሽ ውስጥ አለ።

ዕጢው ለወጣለት ሰው መነሻው ብዙ ጊዜ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ነው፣ ለ60 ኪሎ 96 ገደማ። ግን መነሻ ብቻ ነው። 75 ቢያንስ፣ 100 ቢበዛ፣ አንድ ቀን 75 አንድ ቀን 100 ብለው መካከሉን የሚያዙ ሐኪሞች አሉ። ያንን የሚወስነው የደም ውጤትሽ ነው።

ስትሄጂ የሁለቱንም ክኒን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ፣ መርፌውን መቼ እንደተወጋሽም ጻፊው። ፋርማሲ ውስጥ የለመድሽው ጠፍቶ የሌላ ፋብሪካ ከሰጡሽም ንገሪያቸው፣ ቲኤስኤቹ እንደገና ሊታይ ይገባል። እስከዚያው ድምፅሽ ከጎረነነ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ ወይም ነገር ከተምታታብሽ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።