ልጄ በቃል ሁሉን ያስረዳል፣ እርሳስ ሲይዝ ይጠፋበታል፤ ትምህርት ቤቱ "ደህና ነው" ይላል። ምን ብዬ ምርመራ ልጠይቅ?

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሁለተኛው ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ አራተኛ ክፍል። እራት ላይ ስለ ብላክ ሆል ማስረዳት ሲጀምር አባቱ ጉርሻውን ይዞ ይቀራል። ሱቅ ስንገባ ሒሳቡን ከካሸሯ ቀድሞ በቃሉ ይደምራል። ወረቀትና እርሳስ ሲመጣ ግን ሌላ ልጅ ነው። ትናንት ሦስት መስመር ለመጻፍ 50 ደቂቃ ፈጀበት፤ በዚያችው ገጽ ላይ "ቢኮዝ" የሚለውን ቃል በሦስት ዓይነት ጽፎታል። ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ ትንንሾቹን ቃላት ይዘላል፣ ረጅሙን ቃል ከመጀመሪያ ፊደሉ ተነሥቶ ይገምታል። ስለ ታሪኩ ስጠይቀው ግን አንድም ነገር አያመልጠውም።

መምህሯን ሳናግራት "የክፍሉን ደረጃ ይዟል፣ የሚያስመረምር ነገር የለም፤ ምናልባት ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምታወሩ ይሆናል" አለችኝ። ለጊፍትድ ፕሮግራም (ከፍተኛ ችሎታ ላላቸው ልጆች) የሚሰጠውን የቡድን ፈተና ደግሞ አላለፈም፤ ብዙውን ጥያቄ ሳይደርስበት ሰዓቱ አልቆበት ነው። አማቴ "ምላሱ ነው እንጂ እጁ ሰነፍ ነው" ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ማታ ላስተኛው ስል "እማ፣ እኔ ጅል ነኝ እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ይህን መንገድ ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ ከማን ጋር ልጀምር? በግል ለማስመርመር የጠየቁኝ ዋጋ ሺዎች ዶላር ነው፣ አቅማችን አይደለም።

—

መልስ 1፦ አባት፣ ጆርጂያ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ብሆን ወደ ምርመራው አልቸኩልም። አንዴ "ልዩ ትምህርት" የሚል ስም ከተለጠፈበት እስከ ሃይስኩል ይከተለዋል። ጥሩ አስጠኚ ያዢለት፣ ቤት ውስጥም ለጊዜው እንግሊዝኛ ብቻ አውሩ። ወንድ ልጅ ሲቆይ ይስተካከላል፣ የኔም እንደዚያ ነበር።

—

መልስ 2፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ ሆይ፣ ቅን ምክር እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔ ግን "ሲቆይ ይስተካከላል" ብዬ ሁለት ዓመት አቃጥያለሁ። ስም እንዳይለጠፍባት ስሸሽ ልጄ ራሷ በራሷ ላይ "ደደብ" የሚል ስም ለጠፈች።

እናትዬ፣ መጀመሪያ ይህን ስሚኝ፤ በስብሰባ ላይ በአፍሽ የጠየቅሽው ያለማስረጃ ይቀራል። በጽሑፍ ጠይቂ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የልጁ ስም፣ ክፍሉ፣ ቀኑ፣ "ልጄ የልዩ ትምህርት ምርመራ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ" የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ያየሽው። ለርዕሰ መምህሩ በኢሜይል ላኪ፣ ቀኑ በራሱ ይመዘገባል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ ምርመራው በነፃ ነው። እኛ ጋ ማመልከቻው ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ 65 የሥራ ቀን አላቸው፤ እናንተ ጋ ቆጠራው ይለያል። እምቢ ካሉ ደግሞ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ሊሰጡሽ ግዴታ አለባቸው። ይህን ወረቀት ስጠይቅ ነበር የኔዎቹ ድምፃቸው የተቀየረው።

አሁን የልጄን ውጤት ልንገርሽ። ዊስክ-5 በሚባለው የልጆች የማሰብ ችሎታ ፈተና አጠቃላይ ድምሯ 121 መጣ። "ጎበዝ ናት፣ ችግር የለባትም፣ ለጊፍትድም 130 አልደረሰችም" ብለው ፋይሉን ሊዘጉት ነበር። ወረቀቱን ገልጬ ዝርዝሩን ሳየው የቃል ግንዛቤዋ 136፣ አዲስ ችግር የመፍታት ችሎታዋ 128፣ ፍጥነቷ ግን 83 ነው። 136 እና 83 በአንዲት ልጅ ውስጥ! ድምሩ እሷን አይገልጻትም። አንዱ እግርሽ በረዶ ውስጥ፣ አንዱ የፈላ ውሃ ውስጥ ሆኖ "በአማካይ ለብ ብሎሻል" እንደማለት ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሲመጣ "ድምሩ ስንት ነው?" ብለሽ አትጠይቂ፣ ዝርዝሩን አምጡ በይ።

—

መልስ 3፦ ስኩል ሳይኮሎጂስት፣ ሜሪላንድ

በትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች የምመረምር ነኝ። ልጁን ሳላየው ዲስሌክሲያ (ቃላትን የማንበብና የመጻፍ ችግር) ነው፣ አይደለም አልልም። የጻፍሽው ነገር ግን የሚያስመረምር ነው።

አማርኛውን እንዳታቆሙት። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያ አያመጣም፣ ሲተዉትም አይጠፋም፤ የሚጠፋው ልጁ ከአያቱ ጋር የሚያወራበት አፍ ነው። ሕጉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስን ከመማር ችግር ለይታችሁ እዩ ይላል፤ በእንግሊዝኛ ስለ ብላክ ሆል የሚያስረዳ ልጅ ላይ ግን ይህ ምክንያት አይቆምም።

"ደረጃውን ይዟል" የሚለውም በር አይዘጋም። የልዩ ትምህርት የፌዴራል ሕግ ደንብ ልጁ ክፍል ባይደግምም፣ በየዓመቱ ቢያልፍም አገልግሎት ሊገባው እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ፕሮግራሞች ቢሮም በ2013 በጻፈው ደብዳቤ ከፍተኛ የማሰብ ችሎታ ያለው ልጅ የመማር ችግር ሊኖረው እንደሚችል፣ ከአንድ የነጥብ ወሰን በላይ ስላመጣ ብቻም ብቁ አይደለህም ሊባል እንደማይገባ አስረድቷል፤ በ2015 ደግሞ ክልሎቹን እንደገና አስታውሷል። ይህን በስብሰባው ላይ በትሕትና ማንሳት ይቻላል። ብዙ መምህራን በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው የሚሉት።

እንዲህ ዓይነቱ ልጅ የሚያመልጠን ብልህነቱ ችግሩን ስለሚሸፍንለት፣ ችግሩም ብልህነቱን ስለሚጋርድበት ነው። ሁለቱ ተጣፍተው መካከለኛ ተማሪ ይመስላል። የንባብ ግንዛቤ ፈተና ብትሰጪው ያልፋል፤ ግማሹን ቃል ባያነበውም ከሚያውቀው ተነሥቶ ይሞላዋላ። ስለዚህ በማመልከቻሽ ላይ "ንባቡን መርምሩ" ብለሽ ብቻ አትተይው። ትርጉም የሌላቸው የተፈጠሩ ቃላት እንዲያነብ፣ ተራ የቃላት ዝርዝር ሰዓት እየተያዘ እንዲያነብ፣ ድምፆችን የመለየትና የማገናኘት ችሎታው፣ ስፔሊንጉ፣ እጅ ጽሕፈቱና ድርሰቱ እንዲታይ ጠይቂ። "ብሊፍ" እና "ትሮግ" መገመቻ የላቸውም፤ ብልህ ልጅ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። ትኩረቱም አብሮ ይታይ፣ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ችግር) እና ዲስሌክሲያ ብዙ ጊዜ አንድ ቤት ያድራሉና። ሕጉ በሚጠረጠርበት ዘርፍ ሁሉ እንዲመረመር፣ በአንድ ፈተና ብቻም እንዳይወሰን ያዛል። ከዚያ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አሳዪ።

የቨርጂኒያዋ እህታችን የጻፈችው ቁጥር ትክክለኛ ምሳሌ ነው። ዊስክ-5 አምስት ዘርፎች አሉት። እንዲህ ሲራራቁ ነገርን በአእምሮ ይዞ የመሥራት ትውስታንና ፍጥነትን ሳይጨምር የሚሰላ ጄኔራል አቢሊቲ ኢንዴክስ የሚባል ነጥብ አለ። ለጊፍትድ ማመልከቻ እሱ እንዲሰላ ጠይቁ። ግን ዝቅተኛውን ነጥብ አትደብቁት፣ ለድጋፉ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

በእኛ ሜሪላንድ ፈቃድሽን ፈርመሽ ከሰጠሽበት በ60 ቀን፣ ማመልከቻው ከደረሰበትም በ90 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። የምርመራው ሪፖርት ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀድሞ ይደርስሻል፤ ካልደረሰሽ "አንብቤ እመጣለሁ፣ ቀኑ ይለወጥ" ማለት ትችያለሽ። በውጤቱ ካልተስማማሽ በትምህርት ቤቱ ወጪ በውጭ ባለሙያ እንዲታይ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ምርመራቸው በቂ መሆኑን በክርክር ያስረዳሉ። የቃል አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው።

—

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። "መጀመሪያ ንባቡ ይስተካከል፣ ጊፍትዱ በኋላ ይታያል" አሉኝ ትምህርት ቤት። ይህ ትክክል ነው? ደግሞስ ማስረጃ ብዬ ምን ላሳያቸው? እኔ እናቱ ስለሆንኩ የማጋንን ነው የሚመስላቸው።

—

መልስ 4፦ ስኩል ሳይኮሎጂስት፣ ሜሪላንድ

አይደለም፣ አብረው ነው የሚሄዱት። ቀኑን ሙሉ የሚያቅተውን ብቻ የሚሠራ ልጅ ሁለቱንም ይጠላል። ለሳይንሱ ከበድ ያለ ነገር ስጡት፣ መልሱን ግን በቃል ወይም በድምፅ መቅጃ ይስጥ።

—

መልስ 5፦ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ አዲስ አበባ

እኔ እዚህ ሆኜ ስለ አሜሪካ ሕግ አላውቅም፤ ስለ ማስረጃው ግን የማውቀውን ልንገርሽ።

ሁለተኛ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ሀ ሁ ሂ ብላ እስከ ፐ በዜማ ታወርደዋለች፣ የአማርኛ መጽሐፉን ገጽ በገጽ "ታነባለች"። አንድ ቀን ፊደል ገበታው ላይ ከመሀል "ቴ" የቷ ናት ብላት ዝም። ለካ መጽሐፉን በሙሉ ሌሎቹ ሲያነቡ ሰምታ በቃሏ ይዛው ኖሯል! ይህን ያህል የምትይዝ ልጅ ሰነፍ ትባል ነበር። የድሮ ቅኔ ቤት ብትሆን መምህሩ ያደንቋት ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ እዚያ የሚፈተነው በቃል ነዋ።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። አንድ ጥያቄ ምረጪ፣ ለምሳሌ "ጨረቃ ለምን ቅርጿ ይለዋወጣል?"። በቃሉ ሲመልስ በስልክሽ ቅጂው። በማግስቱ ያንኑ በጽሑፍ ይመልስ፣ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት ከላይ ጻፊበት። ቅጂውንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አስቀምጪላቸው። ያኔ የሚናገረው ልጁ ነው፣ እናቱ አይደለችም።

ፊደል የሚያውቅ ከሆነ በአማርኛም ሞክሪው። ፊደላችን ድምፁን በአብዛኛው ስለሚከተል ስሕተቱ ሊያንስ፣ ዝግታው ግን ሊቀር ይችላል። "ገና" በሚለው ብቻ አትፍረጂበት፣ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚለው እኛም ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምንለየው።

—

መልስ 6፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ

የመምህርቷ ሐሳብ ወርቅ ነው። ምርመራው እስኪያልቅ ደግሞ መጻሕፍቱን በጆሮው ይስማ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያውሳል። ንባብ እንደሚከብደው ከተረጋገጠ በኋላ ቡክሼር የሚባለው፣ ማንበብ ለሚከብዳቸው የተዘጋጀ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ለተማሪዎች በነፃ ነው። የኔዋ አሁን ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት በጆሮዋ ትጨርሳለች። እናትየውን ይረዳ እንደሆነ፣ "ጅል ነኝ እንዴ" ላለው ልጅ እኔ "ጭንቅላትህ ፈጣን መኪና ነው፣ የጽሑፉ መንገድ ግን ኮረኮንች ነው፤ መንገዱን ነው የምናስጠርገው" ነበር ያልኳት።

—

መልስ 7፦ አባት፣ ጆርጂያ

አማርኛ አቁሙ ያልኩትን አንሥቻለሁ፣ ይቅርታ። እንግሊዝኛ ብቻ ካልን በኋላ የኔ ልጅ አሁን ከእናቴ ጋር በስልክ የሚያወራው "ሰላም ነው፣ ደህና ነኝ" ብቻ ነው። ንባቡም ቢሆን አስጠኚ ያልለየው ነው።

—

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ (ከ12 ቀን በኋላ)

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። የጨረቃውን ነገር ሞከርኩት። በቃሉ 4 ደቂቃ አወራ፣ ስለ ፀሐይ ማዕዘን ሳይቀር። በጽሑፍ 35 ደቂቃ ወስዶ "ጨረቃ ትዞራለች" የሚል አንድ መስመር፣ ያውም ሁለት ቃል ተሳስቶ። ሁለቱንም ከማመልከቻው ጋር ላክሁ። ትናንት ጠሩኝ፣ አስተርጓሚ ነበረ። የሳይኮሎጂ ባለሙያዋ ቅጂውን እስከ መጨረሻው ሰማችው፣ ከዚያ ወረቀቱን አንሥታ ለመምህሯ አቀበለቻት። የፈቃዱን ፎርም ሰጡኝ፤ የሚመረመሩት ዘርፎች ላይ ድምፅና ፊደል፣ ፍጥነት፣ ጽሕፈትና ትኩረት ተጽፈዋል። ስፔሊንግ አልነበረም፣ አስጨመርኩት። ፈርሜ ሰጠኋቸው።

—

መልስ 8፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ

እሰይ! የፈረምሽውን ኮፒ ይዘሻል? ካልያዝሽ ነገ ጠዋት ሄደሽ ውሰጂ፤ 60ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ፊርማ ነው።