«አሠለጠነ» ለብሔራዊ ቡድንም ይሆናል?

ነጠላ ሰረዝ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የማይክ ሺሼፍስኪን፣ የ«ኮች ኬ»ን፣ ታሪክ ወደ አማርኛ ስመልስ የቆምኩበት ዓረፍተ ነገር ይኸው፦ «የዱክ ዩኒቨርሲቲን ቡድን 42 የውድድር ዘመን አሠለጠነ፤ ከ2006 እስከ 2016 የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን አሠለጠነ።» (ዓመቱ የፈረንጅ ነው።) የፊተኛው ልክ ነው። ግን እነሌብሮንንና ኮቢን፣ ያለቀላቸውን ኮከቦች፣ በጥቂት ሳምንት ምን አሠልጥኖ? «መራ» ይሻላል?

ጉባኤ ቃና፦ በንጉሡ ሠ መጻፍህ ተመስገን። ሠልጠነ በግእዝ ገዛ፣ ኃይል አገኘ ነው፤ ሥልጣንም ከዚሁ ነው። «ጋኔን ሠለጠነበት» ሲባል ጋኔኑ ልምምድ አሠራው ማለት አይደለም። አሠልጣኝ ማለት እንግዲህ ባለሥልጣን የሚያደርግ ነው።

ቀለም ቀንድ፦ ሥራው ይለያያል። ኮሌጅ ልጁ በ18 ዓመቱ ይመጣል። በውድድር ወቅት ደንቡ የሚፈቅደው በሳምንት 20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ያልበለጠ፣ አንድ ቀን ዕረፍት ነው። በዚያች ሰዓት የእግር አቋቋም፣ ኳስ ያልያዘ ተጫዋች የሚጠብቅ ተከላካይ የት እንደሚቆም፣ እየተደጋገመ ይሰርጻል። ሺሼፍስኪ ዱክ በ1980 ገብቶ በሁለተኛው ዓመት 10 አሸንፎ 17 ተሸነፈ፤ በሦስተኛው 11 አሸንፎ 17 ተሸነፈ። የመጀመሪያው ዋንጫ በ1991፣ በ11ኛው ዓመቱ ነው። ብሔራዊ ቡድን ይህን ያህል አይታገስም።

በ2006 የዓለም ዋንጫ፣ ጃፓን ሳይታማ ላይ፣ ግሪክ አሜሪካን 101 ለ95 ያሸነፈችው አንድ የማጥቃት ዘዴ ደጋግማ ነው። ረጅሙ ሰውዬ ኳስ በያዘው ጓደኛው ተከላካይ ፊት ቆሞ መንገድ ይዘጋል፤ ወዲያው ዞሮ ወደ ቅርጫት ይሮጣል፤ ኳሱ ይከተለዋል። ይህን ለማቆም ሁለቱ ተከላካዮች አይበቁም፤ ከማዶ ያለው ሦስተኛ ሰው ሳይጠራ መጥቶ ክፍተቱን መድፈን አለበት። እንዲህ ያለው መናበብ ደግሞ በጥቂት ሳምንት አይበቅልም። የብሔራዊ ቡድኑ ኃላፊ ጄሪ ኮላንጄሎ ከ2005 ጀምሮ ተጫዋቾቹን የሦስት ዓመት ቃል ያስገባቸው ለዚሁ ነው። ከግሪክ ወዲህ በውድድር አልተሸነፉም፤ የ2008፣ የ2012ና የ2016 ኦሊምፒክ፣ የ2010ና የ2014 የዓለም ዋንጫ ወርቅ ነው። አሰልጥኗል እንጂ!

ፊደል ቆጣሪ፦ ይቅርታ መሪጌታ፣ ንጉሡን ከየት አመጡት? በዕብራይስጥ ሺልጦን፣ በዐረብኛ ሱልጣን። ዕብራይስጡ «ሽ» ሲል ዐረብኛው «ስ» ካለ የግእዙ ወግ እሳቱ ሰ ነው፤ ሻሎምና ሰላምን ያስተያዩ። ሥሩም ሦስት ፊደል ነው፤ «ነ» ከስሙ የመጣች ጭማሪ ናት።

ጉባኤ ቃና፦ ልጄ፣ ሥልጣናት ከነገደ መላእክት አንዱ ናቸው። ንጉሥ በንጉሡ ሲጻፍ ሥልጣኑን ለእሳት አንሰጥም። ግሥ ሳይገሥሡ ሥር መማስ ደግሞ አይበጅም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ብራናው ሁለቱንም ይጽፋል፣ እርስዎም ያውቃሉ።

ቀለም ቀንድ፦ ሥልጣን ካላችሁ አንድ ነገር እዩ። በዓለም አቀፉ ደንብ በጨዋታ መካከል አጭር የዕረፍት ጊዜ (ታይም አውት) የሚጠይቀው ዋናው አሰልጣኝ ወይም አንደኛ ረዳቱ ብቻ ነው፤ ያውም በመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ በኩል። በአሜሪካ ኮሌጅ ግን ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋችም ይጠይቃል። በሥሩ ከሄድን ሰውዬው ይበልጥ «የሰለጠነው» ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ያ ሰለጠነ ነው እንጂ አሰለጠነ አይደለም። «አ» ስትጨምር ሥልጣኑን ለሌላ አስረከብከው።

ዳር ተመልካች፦ ሜዳ ላይ እኮ «ኮች» ነው የሚባለው። ቃሉ ከኮች መንደር፣ ከሀንጋሪ ነው፤ ሠረገላ ይሠሩባት ነበር። በኋላ ተማሪን ተሸክሞ ፈተና ለሚያሻግር አስጠኚ ተሰጠ። ስለዚህ ትክክለኛው አማርኛ «ሠረገለኛ» ነው። ዱክን 42 ዘመን ሠረገለ!

ነጠላ ሰረዝ፦ ጌቶቼ፣ ሁለተኛው «አሠለጠነ» ይቆይ ወይስ «መራ» ይሁን? ጽሑፉ ነገ ይወጣል።

ጉባኤ ቃና፦ «ሰረገላ»ን በንጉሡ የጻፈው ማነው?